መዝሙሩን ከፍ ያደረግሁባቸው 12 ቀናት

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት ሰኞ ጠዋት ነው። ቁልቁለቱን ጨርሼ አስፋልቱ ጋ ስደርስ ፍሬን ረገጥኩ፤ ከኋላ፣ ከቀኝ ጎማ በኩል፣ ብረት ብረትን ሲፍቅ ተሰማኝ። ያረረ ድስት በሽቦ ሲፈገፈግ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ነው። እግሬን ሳነሣ ጠፋ። ሦስት ተሳፋሪ ጭኛለሁ፤ አንዳቸውም ምንም አላሉም። እኔም ምንም አላልኩም። እጄን ሰድጄ የቴፑን ድምፅ ጨመርኩት። ጠዋት ጠዋት የምከፍተው መዝሙር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አስቤአለሁ፤ ዞሬ ዞሬ የምመለሰው ግን ወደዚያ እጄ ነው።

ደሴ ለጥ ያለ ሜዳ ብዙም የላትም። ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከሰፈር ሰፈር ለመሄድ ወይ መውጣት ነው ወይ መውረድ። ክረምት ሲገባ ጉሙ መንገድ ላይ ይተኛል፤ የድንጋዩ ንጣፍ ሳሙና እንደተቀባ ያንሸራትታል። ነዳጅ ያለቀበት ባለባጃጅ መንገድ ዳር ቆሞ ሰው ይጠራል። ፍሬን ያለቀበት ግን እዚህ ከተማ የሚቆምበት ቦታ የለውም። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ሐረጎን የሚያውቅ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባዋል።

ባለሁለት ጎማ ሞተር ሳይክል ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚደፋ ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬኑ ነው። ባለሦስት እግሯ ግን ሌላ ናት። ሞተሩ ከኋላ፣ ከተሳፋሪው ወንበር በታች ነው፤ ተሳፋሪውም ከኋላ ነው፤ ከፊት ያለችው አንዲት ጎማ የምትሸከመው ጥቂቱን ነው። ስለዚህ የሰዉን ነፍስ የያዙት የኋላዎቹ ሁለት የፍሬን ታምቡሮች ናቸው ማለት ይቻላል። በየታምቡሩ ውስጥ ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ሁለት ብረቶች አሉ፤ ጀርባቸው ላይ ሸራ ተለጥፏል። ፍሬን ሲረገጥ ዘይቱ ብረቶቹን ወደ ውጭ ይገፋቸዋል፤ ሸራው ከሚዞረው ታምቡር ጋር ይፋተግና ጎማውን ይይዘዋል። ሸራ የተፈጠረው ሊያልቅ ነው፤ እኛን ባቆመ ቁጥር ከራሱ ትንሽ ይቀንሳል። አልቆ አልቆ ብረቱ ሲወጣ ብረት በብረት ላይ ይሄዳል። ጩኸቱ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ባጃጅ መንዳት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ሸራ ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም። ነገር ግን ያን ሰሞን የዕቁብ መክፈያዬ ደርሶ ነበር። ባጃጇ ጋራዥ ከገባች ደግሞ የዚያ ቀን ገቢ የለም። ስለዚህ ለራሴ መልስ እሰጥ ጀመር። ማክሰኞ «አቧራ ገብቶበት ነው» አልኩ። ሐሙስ ዘነበ፤ «ውሃ ነው፣ ሲደርቅ ይተዋል» አልኩ። ከዚያ «እሑድ አስፈትሸዋለሁ» አልኩ። እሑድ መጣ፤ ቅዳሴ አስቀድሼ ከሰዓት የለቅሶ ሰው ሳመላልስ መሸ። በሁለተኛው ሳምንት ፔዳሉ እንደ ወትሮው መሆኑን ትቶ ጠለቅ ማለት ጀመረ፤ ሁለቴ ስረግጠው ይይዛል። ሁለቴ መርገጥ ለመድኩ። ሰው ምን የማይለምደው ነገር አለ?

አሁን ሳስበው የሚከብደኝ ውሸታም አለመሆኔ ነው። «ፍሬንህ ደህና ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር «ደህና ነው፣ ትንሽ ይጮኻል እንጂ» ብዬ እመልስለት ነበር፤ ያንንም ከልቤ አምኜ። የፊት መስታወቴ ላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል አለ። ከኋላ «በእግዚአብሔር ቸርነት» የሚል አስጽፌአለሁ። ጠዋት ሞተር ሳስነሣ አማትባለሁ። እነዚህ ነገሮች ለእኔ ጌጥ አይደሉም፤ አምንባቸዋለሁ። በእነዚያ ቀናት ግን እምነቴን ምን ሥራ ላይ እንዳዋልኩት ሳየው ያመኛል።

በ12ኛው ቀን፣ ዓርብ አመሻሽ ላይ፣ ካፊያ ነበር፤ ጉሙም ወርዷል። የጫንኩት አንዲት እናት ከነልጇና አንዲት አሮጊት ነበር። አሮጊቷ ከገበያ የገዙትን ምስር በፌስታል ይዘው ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። ወደ ሰፈራቸው የሚወርደው መንገድ ጠባብ ነው፤ ከታች ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት መታጠፊያ አለ። እግሬን ፍሬን ላይ ሳሳርፍ ፔዳሉ እስከ ታች ወረደ፤ የሚገፋው ነገር የለም። ደግሜ ረገጥኩ። አሁንም ወረደ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ ያዝ አድርጎ ለቀቀ። ማርሹን ወደ አንድ መለስኩት፤ ሞተሩ ጮኸ፤ ትንሽ ቀዘቀዘች። ከግራ በኩል ለቤት ግንባታ የተራገፈ የአሸዋ ክምር ነበር። መሪውን ወደዚያ አዞርኩት፤ የፊት ጎማዋ እስከ ግማሽ ገብታ ተቀረቀረች። ሕፃኑ አለቀሰ። ምስሩ ተዘርግፎ አሸዋው ላይ ፈሰሰ። ሌላ ምንም የሆነ ነገር የለም። መታጠፊያው ላይ ያን ማታ በዝናቡ ምክንያት ኳስ የሚጫወት ልጅ አልነበረም።

አሮጊቷ ወርደው ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ሦስት ጊዜ አማተቡ። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው ሁለት እጄን ያዙና «ተባረክ ልጄ! ይህን እጅህን ይባርከው! አንተ ባትሆን ኖሮ አልቀን ነበር» አሉኝ። «አሜን» አልኩ። ሒሳብ አልቀበልም ስል ተቆጡኝ፤ እንዲያውም ከሒሳቡ ሌላ 20 ብር መዳፌ ውስጥ አስጨበጡኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ምስራቸውን ከነአሸዋው በፌስታሉ ማፈስ ጀመሩ። እኔም አብሬያቸው አፈስኩ።

ጓደኞቼ ተራ ላይ ሲሰሙ «እግዜር አተረፈህ፤ ምንም አልሆነ፤ ምን ያስጨንቅሃል?» አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ እግዚአብሔር አትርፎኛል። አንድ ነገር ግን አላሉም። እዚያ መታጠፊያ ላይ አንድ ልጅ ቢኖር ኖሮ እነዚሁ ሰዎች ስለ እኔ «ቀን ጎደለበት» ይሉ ነበር። አማርኛችን ለሁለቱም ቃል አዘጋጅቷል፤ ለተረፈው «እግዜር አተረፈው»፣ ላልተረፈለት «ቀን ጎደለበት»። ሁለቱም ውስጥ ሸራው የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ባጃጇን አስጎትቼ የማምነው መካኒክ ጋ ወሰድኳት። እርጅና የጀመራቸው፣ ሰላት የማያሳልፉ፣ ሥራ ላይ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ጎማውን ፈቱ፤ ታምቡሩን ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ እያሉ መትተው አላቀቁት። አቧራውን እፍ አላሉትም፤ አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ወደ ሳንባ መሳብ የለበትም፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት። የቀኙ ሸራ የለም። ዳር ዳሩ ላይ እንደ ጥፍር የሳሳ ቅሪት ብቻ ነበር፤ መሀሉ ባዶ ብረት ነው፣ ሰማያዊ እስኪሆን የጋለ። ታምቡሩን ገልብጠው ሰጡኝና «ጣትህን አስገባ» አሉኝ። ውስጡን በጣቴ ስዞረው እንደ ድሮ የዘፈን ሸክላ በመስመር ተቦርቡሯል፤ ጥፍሬ ከመስመር መስመር እየዘለለ ሄደ። የግራው ደግሞ ሸራ ነበረው፤ ግን ርሷል። ዘይቱን የምትይዘው የሲሊንደሯ ላስቲክ፣ ጎሚኒዋ፣ ተሰንጥቃ የፍሬኑ ዘይት ለቀናት እየወረደበት ነበር። አሸተትኩት፤ የተቃጠለ ዘይት ነው። እንግዲህ አንዱ የሚይዝበት አልቆበታል፣ ሌላው የሚይዝበት ተቀብቶበታል።

መካኒኩ ሁለቱን አሮጌ ሸራዎች እጃቸው ላይ ጎን ለጎን ይዘው አዩኝ። «ይኼ ሳይነግርህ አያልቅም» አሉ።

«ነግሮኛል ጋሼ።»

ዝም አሉ። የግራውን ታምቡር በነጭ ጋዝ ማጠብ ጀመሩ። ቆይተው፣ ቀና ሳይሉ፣ አንድ ሰው ነቢዩን ግመሌን ልሰራት ወይስ ለቅቄ በአላህ ልመካ ብሎ እንደጠየቃቸውና፣ መጀመሪያ እሰራት ከዚያ ተመካ እንዳሉት ነገሩኝ። ታሪኩን ቀድሞም ሰምቼው ነበር፤ ወሎ ውስጥ ያደገ ክርስቲያን የማይሰማው አይደለም። ያን ቀን ግን ግመሏ ገመዷን እያሳየች ስትጮኽ የነበረች መሰለኝ። «አብሽር፤ ዛሬ ትጨርሳለህ» ብለው ጎሚኒ እንድገዛ ላኩኝ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የተማርኩት ፍልስፍና ነው። ከተመረቅሁ በኋላ መጻሕፍቱን በካርቶን አሽጌአቸው ነበር፤ ያን ሳምንት ፈታሁት። የምፈልገው ዊሊያም ክሊፎርድ የተባለው እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1877 ስለ ማመን ሥነ ምግባር የጻፈውን ነበር። እዚያ ውስጥ አንድ የመርከብ ባለቤት አለ። መርከቧ አሮጌ ናት፤ ጥገና እንደሚያስፈልጋት ተነግሮታል፤ የምትጭነው ደግሞ አገር ለቅቀው የሚሄዱ ቤተሰቦችን ነው። ይጨነቃል። ከዚያ ጭንቀቱን ያባብለዋል፦ ብዙ ማዕበል አልፋ የመጣች መርከብ ናት፤ የተሻለ ኑሮ ፍለጋ የሚሄዱትን እነዚህን ምስኪኖች ፈጣሪ ይጠብቃቸዋል። በመጨረሻ ከልቡ አምኖ ይሸኛታል። መርከቧ መሀል ባሕር ላይ ሰጠመች። ክሊፎርድ ሰውየው ስለ ሰዎቹ ሞት ጥፋተኛ ነው ይላል፤ እምነቱ የእውነት ቢሆንም እንኳ፣ በዚያ መንገድ የማመን መብት አልነበረውምና። ቀጥሎ የሚጠይቀው ደግሞ ልቤን የወጋኝ ጥያቄ ነው፤ መርከቧ በሰላም ብትደርስስ? ጥፋቱ ይቀንሳል? ምንም አይቀንስም ይላል፤ ያው ጥፋተኛ ነው፣ ልዩነቱ አለመታወቁ ብቻ ነው። ይህን የጻፈው ሰው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1870 የፀሐይ ግርዶሽ ሊያጠና ሲሄድ ሲሲሊ አጠገብ የተሳፈረባት መርከብ ተሰብራበት የተረፈ ነው። ባሕር ምን እንደሆነ ያውቃል።

ተማሪ ሳለሁ ይህን አንብቤ ፈተና ላይ መልሻለሁ። ጥሩ ነጥብም አግኝቼበታለሁ። ዓርብ ማታ ግን መርከቧ የእኔ ነበረች።

ከክሊፎርድ ጋር የማልስማማበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም ቀላል ነገር አይደለም። የመርከቧ ባለቤት በፈጣሪ ጥበቃ ማመኑን ክሊፎርድ ከሌሎቹ ማባበያዎች ጋር በአንድ ረድፍ አስቀምጦታል፤ ሰው የገዛ ፍርሃቱን የሚያስተኛበት እሹሩሩ አድርጎ። የእኔም እምነት በእነዚያ ቀናት ያንን ሆኖ ነበር፤ አልክድም። ነገር ግን እግዚአብሔር በእነዚያ 12 ቀናት እኔንና ተሳፋሪዎቼን የጠበቀው በምን ነበር ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ ያ ጩኸት ነው። ጠዋትም ማታም፣ ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር፣ ሳይታክት ጮኸ። ሌላ ተአምር መጠበቅ አያስፈልገኝም ነበር። ጥበቃው መጥቶ ጆሮዬ ላይ ቆሞ ሳለ፣ እኔ በእሱ ስም በተዘመረ መዝሙር ሸፈንኩት። ይህን ነው ለንስሐ አባቴ የነገርኳቸው፤ ነገሩን ከነገርኳቸው በኋላ ምን እንዳሉኝ ግን ለራሴ ይቆይ።

ቶማስ ኔግል የተባለው አሜሪካዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ ዕድልና ስለ ኃላፊነት ሲጽፍ ያነሣው ምሳሌ ከእኔው ጋር አንድ ነው ለማለት ይቻላል፤ ፍሬኑን በጊዜው ያላስፈተሸ ሾፌር። ልጅ መንገድ ላይ ከገባበትና መቆም ካቃተው ዕድሜውን ሙሉ ራሱን የልጁ ገዳይ አድርጎ ይከሳል። ልጅ ካልገባበት ደግሞ በትንሽ ቸልተኝነት ብቻ ነው የሚወቀሰው። ሁለቱ ሾፌሮች የሠሩት አንድ ነው፤ የለያቸው በእጃቸው ያልነበረ ነገር ነው። ኔግል ይህን እንቆቅልሽ ሳይፈታው ይተወዋል። እኔም ፈታሁት አልልም። ግን እንቆቅልሹን ካየሁት በኋላ «ምንም አልሆነ» የሚለው ቃል አፌ ላይ እንቢ አለኝ። ያን ማታ ዝናብ ባይዘንብ ኖሮ ልጆቹ ይጫወቱ ነበር። እኔን ከነፍሰ ገዳይ የለየኝ ካፊያ ነው።

ኦሪት ውስጥ ሁለት ሕጎች አሉ፤ ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳነብባቸው ሰነበትኩ። አንደኛው ዘዳግም ላይ ነው። ሰው ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሊቆርጥ ዱር ይገባል፤ መጥረቢያውን ሲያነሣ ብረቱ ከእጀታው ይወልቅና ባልንጀራውን ይገድለዋል። በመካከላቸው ጠላትነት አልነበረም፤ ስለዚህ ወደ መማጸኛ ከተማ ሸሽቶ ይድናል። ሁለተኛው ዘጸአት ላይ ነው፤ የሚዋጋ በሬ። በሬው ሰው ቢገድል ይወገራል፣ ባለቤቱ ግን ነጻ ነው። በሬው ቀድሞም የሚዋጋ ከነበረና ለባለቤቱ ከተነገረው፣ እሱም ካልጠበቀው ግን ደሙ በባለቤቱ ላይ ነው። ሁለቱን የሚለየው «ተነግሮታል» የምትለዋ ነገር ናት። ያለቀ ሸራ መጥረቢያ ነው ወይስ በሬ? ጎሚኒዋ በድንገት ተሰንጥቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ መጥረቢያ ነው እል ነበር። የቀኙ ሸራ ግን 12 ቀን ሙሉ ተዋጋ፤ እኔም ሰማሁ።

መማጸኛ ከተሞቹ ስድስት ነበሩ፤ ሦስቱ ከዮርዳኖስ ወዲህ፣ ሦስቱ ከዮርዳኖስ ማዶ፦ ቃዴስ፣ ሴኬም፣ ኬብሮን፣ ቦሶር፣ ራሞት፣ ጎላን። ሳያስበው የገደለ ሰው ሸሽቶ ይገባባቸዋል፤ ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ ከዚያ አይወጣም። ንጹሕ ሆኖ ሳለ አገሩን ትቶ ይኖራል፤ ሕጉ የፈሰሰ ደም ክብደት እንዳለው ያውቃልና። ያነበብኩት ብዙ ጊዜ ነው፤ ይህን ጊዜ ግን የታየኝ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ሰው ነው። በሬው የሚዋጋ መሆኑ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ፣ በሬው ማንንም ያልወጋበት ሰው። እሱ የሚሸሽበት ከተማ የለውም። የሚያሳድደው ደም መላሽ ስለሌለ በሩን የሚከፍትለትም የለም። ገበያ ይወጣል፣ ሰው ይመርቀዋል፣ 20 ብር ይጨምርለታል።

ብሩን አላወጣሁትም። ከመንጃ ፈቃዴ ጋር አጥፌ አስቀምጬው ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት ወደ አሮጊቷ ቤት ወረድኩ፤ አዲሱ ሸራ ገና ስላልተስማማ ፍሬኑ ትንሽ ይደነድናል፤ በቀስታ ነው የነዳሁት። በረንዳ ላይ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ይለቅማሉ። ያው ምስር ነው፤ አሸዋውን እየለዩ። «አንተ ነህ? ግባ፣ ግባ» አሉና ቡና እንድታፈላ ከቤት አንዲት ልጅ ተጣሩ። አልተቀመጥኩም።

«እማማ፣ ያን ቀን እጅህን ይባርከው ብለውኛል። ፍሬኑ ድንገት አልተበላሸም። ሲጮኽ እሰማው ነበር። አውቄ ነው የጫንኩዎት» አልኳቸው። ብሩን ሰፌዱ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት።

ጣታቸው ምስሩ ላይ ቆመ። ቀና ብለው ረጅም ጊዜ አዩኝ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ይቅር ይበልህ ይሉኛል ብዬም ጠበቅሁ።

«ስንት ቀን ሰማኸው?» አሉ።

«12 ቀን።»

«በ12 ቀን ስንት ሰው ትጭናለህ?»

ልመልስ ብዬ አፌን ከፈትኩ። የለቅሶዎቹን ሰዎች አሰብኩ። ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርም ለብሰው አራት ሆነው የሚጠቀጠቁትን የትምህርት ቤት ልጆች አሰብኩ። አንድ ምሽት ሆስፒታል ያደረስኳት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ባሏ ቀስ በል፣ ቀስ በል ሲለኝ ነበር። የብዙዎቹን ፊት አላስታውስም፤ ቤታቸውን አላውቅም።

«አላውቅም እማማ» አልኳቸው።

ዱካ ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። ተቀመጥኩ። ከሰፌዱ ላይ አንድ እፍኝ አንሥተው መዳፌ ላይ አደረጉልኝና አሸዋውን መልቀም ጀመርኩ።